ሰላምም ትምህርት ሆኖ ይጠናል?

(በሬዲዮ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

  

የዛሬው ርእሳችን ከአንዲት የሀይቅ ከተማ እናት ጥያቄ የተነሳ ነው። ልጃቸው የመጀመሪያ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ «የሰላምና የግጭት ጥናት» በሚባል ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ልቀጥል ቢላቸው ግራ ገባቸው። «ሸሁ፣ ሰላም ደግሞ ትምህርት ሆኖ ይጠናል እንዴ? ሰላም ዱዓ ይደረግለታል እንጂ!» አሉኝ። ጥያቄው የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ሊሆን ስለሚችል መልሱን በዚህ መድረክ ለሁላችሁም ለማቅረብ ወደድኩ።

የእናታችን ንግግር ግማሹ እውነት ነው። ሰላም የአላህ ስጦታ ነው። አስ-ሰላም ከመልካም ስሞቹ አንዱ ነው። ስንገናኝ የምንለዋወጠው፣ ሰላታችንንም የምንጨርስበት ቃል ነው። ነገር ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመክቻለሁ ያለውን ሰው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዴት እንዳረሙት ሁላችንም ሰምተናል። ዝናብ በዱዓ ይለመናል፤ ገበሬው ግን ማሳውን ያርሳል፣ ስለ አፈሩም የሚያጠና ባለሙያ አለ። ፈውስ ከአላህ ነው፤ ሕክምና ግን ሰባት ስምንት ዓመት ይጠናል። ታዲያ አንድ መስጊድ አብረው የሚሰግዱ፣ አንድ ገበያ የሚውሉ ሰዎች አንድ ቀን ተነስተው የሚገዳደሉበት ምክንያት ለምንድነው የማይጠናው?

ይህ የትምህርት ዘርፍ በዓለም ላይ ብዙ እድሜ የለውም። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት «ኢትዮጵያ» ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከመስራቾቹ አንዱ ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የሚባል እንግሊዛዊ የሂሳብና የአየር ጠባይ ሊቅ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መሳሪያ አልይዝም ብሎ በአምቡላንስ ሹፌርነት ቁስለኛ ሲያመላልስ ቆየ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከ1820 ወዲህ በዓለም የተካሄዱ ጦርነቶችንና የሰው ሕይወት የጠፋባቸውን ጠቦች አንድ በአንድ እየቆጠረ መዘገበ። እሱ በ1953 ሞተ፤ ስራው በመጽሐፍ መልክ የወጣው በ1960 ነው። አንድ ቋንቋ መናገር ሰዎችን ከጦርነት ያግዳል የሚለውን ግምት ቁጥሩ አልደገፈለትም። ይልቁንም ብዙ ጎረቤት ያለው አገር ብዙ ጦርነት ውስጥ ተገኘ። እኛ የወሎ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሂሳብ አያስፈልገንም። የወሰን ጠብ ከሩቅ ሰው ጋር አይነሳም። የሪቻርድሰን ትልቁ ነገር ግን ግጭትን እንደ ዝናብና እንደ ሙቀት ሊመዘገብ፣ ሊነጻጸር የሚችል ነገር አድርጎ ማየቱ ነው።

ቀጥሎም ኖርዌያዊው ዮሃን ጋልቱንግ መጣ። በ1959 በኦስሎ የሰላም ምርምር ተቋም አቋቋመ፣ በ1964 የሰላም ምርምር መጽሔት ጀመረ፣ በ2024 ዓ.ም. በ93 ዓመቱ ሞተ። በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በ1971፣ በእንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1973 ዘርፉ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ሆነ። በ1980 የተባበሩት መንግስታት ጠቅላላ ጉባኤ በኮስታሪካ የሰላም ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም ወሰነ፤ ኮስታሪካ ከ1948 ጀምሮ ሰራዊቷን ያፈረሰች አገር ነች። ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2007 የሰላምና የደኅንነት ጥናት ኢንስቲትዩት ከፍቶ በሁለተኛ ዲግሪና ከዚያም በላይ ሲያስተምር ቆይቷል። ስለዚህ የእናታችን ልጅ የተናገረው ስሙ ያልታወቀ፣ ትናንት የተፈጠረ ነገር አይደለም።

ጋልቱንግ ካስተማረው ሁሉ ለቤተሰብ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው ብዬ አስባለሁ። ሰላምን በሁለት ከፈለው። አንደኛው ድብደባና ግድያ ስለሌለ ብቻ ሰላም የሚባለው ነው፤ ሊቃውንቱ አሉታዊ ሰላም ይሉታል፣ እኔ ጎደሎ ሰላም ልበለው። ሁለተኛው ፍትሕ ያለበት፣ ሰው ሳይፈራ ሐቁን የሚጠይቅበት ሰላም ነው። ቤት ውስጥ ሚስት ባሏን ፈርታ ዝም ብትል ጎረቤት «እነ እገሌ ቤት ሰላም ነው» ይላል። ጩኸት ስለማይሰማ ነው እንዲህ የሚለው። ይህ የጎደሎ ሰላም ምሳሌ ነው። በየመንደራችን ብዙ አለ፣ አላህ ያስተካክለው።

ይህንኑ በትልቁ ማየት የሚፈልግ ወደ ግሸን ቀና ብሎ ይመልከት።

ለክርስቲያን ወገኖቻችን ግሸን የግማደ መስቀሉ ደብር ናት። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። በዚያ ሰሞን ለመንገደኛው ውሃ የምታቀርብ፣ ለደከመው አዛውንት ጥላ የምትሰጥ ሙስሊም እናት በአምባሰል እንግዳ ነገር አይደለችም። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን የቀድሞውን ግሸን፣ የእስር ቤቱን ግሸን ነው። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ጀምሮ እስከ 16ኛው አጋማሽ ድረስ የነገሥታቱ ወንድሞችና የወንድም ልጆች በዚያ ዙሪያው ገደል በሆነ አምባ ላይ ተዘግቶባቸው ይኖሩ ነበር። ወንጀላቸው የንጉስ ዘር መሆን ብቻ ነው። ንጉሱ ሲሞት ከመካከላቸው አንዱ ተመርጦ ይወርድና ይነግሣል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1434 የነገሠው ከዚህ አምባ ወርዶ ነው። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አምባውና ስለ እስረኞቹ ጽፏል። ወሬው አውሮፓ ደርሶ ሲዞር ከቆየ በኋላም በ1759 ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ራሴላስ የተባለውን ልቦለድ ጻፈበት። እሱ እስር ቤቱን የደስታ ሸለቆ አደረገው፤ ርቀት የሚያሳምረው ነገር ብዙ ነው።

የአምባው ዓላማ ክፉ ብቻ ነበር ለማለት አይቻልም። ወንድም ከወንድም ሲዋጋ አገር ያልቅ ነበርና ያንን ለመከላከል የተበጀ ዘዴ ነው። ዛሬ «ግጭትን አስቀድሞ መከላከል» የሚባለው የትምህርቱ ክፍል እንዲህ ያሉ ዘዴዎችን ይመረምራል። ምን ከለከለ? በማን ሒሳብ? ዋጋውን ማን ከፈለ? ብሎ ይጠይቃል። የግሸን ሰላም ዋጋው በምንም ያላጠፉ ሰዎች እድሜ ነበር። ደግሞም ሙሉ በሙሉ አልሰራም። ዘርዓ ያዕቆብ ከመንገሡ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት ብቻ ዙፋኑ ላይ ሰው በላይ በላዩ ተቀያይሯል።

የዚህ ታሪክ ማብቂያ ደግሞ እኛን ይነካናል። በ1540 የኢማም አሕመድ ኢብኑ ኢብራሂም ጦር አምባውን ያዘ፤ ጠባቂዎቹ ተገደሉ፣ የነገሥታቱ ግምጃ ቤት ተዘረፈ። አንድ ሰው ነው፣ ስሙ ግን ሁለት ነው። በእኛ ቤት ኢማም አሕመድ፣ በጎረቤታችን ቤት ግራኝ። ልጆቻችን ከአንድ ትምህርት ቤት ወጥተው ወደ ሁለት ቤት ሲገቡ ሁለት ታሪክ ይሰማሉ። የሰላም ጥናት የትኛው ቤት ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ አይቸኩልም። መጀመሪያ የሁለቱንም ወገን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ ይላል። ስለ ኢማሙ ዘመቻ ሺሃቡዲን አሕመድ ወይም ዐረብ ፈቂህ በሚል ስም የሚታወቀው ጸሐፊ በዐረብኛ ፉቱሕ አል-ሐበሻ የሚባል ኪታብ ጽፏል። በ2003 ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ታትሟል። በሌላው ወገን የልብነ ድንግልና የገላውዴዎስ ዜና መዋዕሎች አሉ። ከ1541 ጀምሮ የተዋጋው የፖርቱጋል ወታደር ካስታኞሶም የራሱን ጽፏል። ሦስቱንም ያነበበ ሰው በአጥር ላይ ሆኖ አይሰዳደብም። አባቶቻችን ተዋግተዋል፤ ገድለዋል፣ ተገድለዋል። ለዚያ ሥራ ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው። የዛሬዋ የግሸን ተጓዥ አሮጊትም ሆነች የዛሬው የሀይቅ ሙስሊም ነጋዴ በዚያ አይጠየቁም። ይህን ለልጆቻችን ሳንነግራቸው ብንቀር ሌላ ሰው በሌላ መልኩ ይነግራቸዋል።

እዚያው አምባሰል ወረዳ ውስጥ ሌላ ትልቅ ምሳሌ አለ፣ ውጫሌ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 በኢትዮጵያ አቆጣጠር አፄ ምኒልክና የኢጣሊያ መንግስት ውል ተዋዋሉ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሡ ከአውሮፓ መንግስታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይችላሉ የሚል ሐሳብ አለው። በኢጣሊያንኛው ግን መቻሉ ግዴታ ሆኖ ተጻፈ፤ ኢትዮጵያ በራሷ አትናገርም ማለት ነው። ኢጣሊያ ያንን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ስር ነች ብላ ለዓለም አወጀች። ሰባት ዓመት ሳይሞላ አድዋ ሆነ። እርግጥ ጦርነቱ ከአንዲት ግስ ብቻ አልመጣም፤ ኢጣሊያ መሬት ፈልጋለች። ነገር ግን በሁለት ቋንቋ የሚጻፍ የስምምነት ሰነድ እንዴት እንደሚመረመር ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የእኛ ልጆች በየቀኑ የሚያልፉበት ከተማ ነው፤ ስንቶቹ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አይተዋል?

እኛ ሙስሊሞች ይህን ትምህርት ከሑደይቢያ ልናውቀው በተገባ ነበር። በ6ኛው ዓመተ ሒጅራ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቁረይሾች ጋር የአሥር ዓመት እርቅ ሲጻፍ የቁረይሽ መልእክተኛ ሱሀይል ኢብኑ ዐምር «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው ቃል እንዲወጣ ጠየቀ። ሰሓባዎች ከበዳቸው፣ ዑመር (ረ.ዐ.) ተቆጡ። ነብዩ ግን የአባታቸውን ስም አስጽፈው ስምምነቱን አጸደቁ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበት አንድ ጽሑፍ ነበር። ክብር የነካ ቃል ተለወጠ፣ ፍሬ ነገሩ ግን ግልጽ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ቀደምም ከነብይነታቸው በፊት ጥቁሩን ድንጋይ ወደ ቦታው ለመመለስ ጎሳዎቹ ሰይፍ ሊማዘዙ ሲሉ በጨርቅ ላይ አድርገው ሁሉም ጫፍ ጫፉን እንዲይዝ ያደረጉበትን ዘዴ እናስታውስ። ሁሉም ድርሻ አገኘ፣ ማንም አልተዋረደም። ዛሬ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ «ሁለቱም የሚያሸንፉበት መፍትሔ» ተብሎ በክፍያ የሚሰጠው ትምህርት ይኸው ነው።

ቁርአንም በዚህ ጉዳይ በአጭሩ አላለፈም። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሳታረጋግጡ አትነሱ ይለናል፤ በ9ኛው ደግሞ ሁለት የምእመናን ወገኖች ቢጋደሉ በመካከላቸው እንድናስታርቅ፣ በፍትሕም እንድናስታርቅ ያዘናል። በሱረቱ ኒሳእ 35ኛ አንቀጽ ባልና ሚስት ሲጣሉ ከሁለቱም ቤተሰብ አንዳንድ ሽማግሌ ይላካል። የፊቅሕ ኪታቦቻችን ለእርቅ ራሱን የቻለ ባብ አላቸው። ቡኻሪም የእርቅ ሐዲሶችን ለብቻ ሰብስበዋል። መድረሳ የቀራ ሁሉ ባቡ ሱልሕን ያውቀዋል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የገንዘብ ክርክርን ብቻ የሚመለከት ይመስል አልፈነዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ስለ ድሮው ብቻ ካወራን እናንተን ማዘናጋት ነው። በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም በግድ ሲያስጠምቁ ስንቱ ተሰደደ፣ ስንቱ ሞተ። ይህንን ስቃይና የሸህ ጠልሐ ኢብኑ ጀዕፈርን ተቃውሞ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ (አላህ ይዘንላቸው፣ በ2009 ሞተዋል) በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ነበረው የወሎ እስልምና በጻፉት መጽሐፍ በሚገባ አስቀምጠውታል። በ2019 ታኅሣሥ በሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ። በ2022 ሚያዝያ በጎንደር በአንድ ሸህ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከኅዳር 2020 ጀምሮ በተካሄደው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በ2021 መገባደጃ ለሳምንታት በጦር ተይዘው ቆዩ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ። ያ ጦርነት በፕሪቶሪያ ስምምነት በኅዳር 2022 ቆመ። በነሐሴ 2023 ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተከፈተ። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የግጭት መዝገብ በ2022 ዓ.ም. ብቻ በኢትዮጵያ በውጊያ የሞተውን ከ100 ሺህ በላይ ቆጥሮታል። መዝገቡ በአንድ ዓመት 25 ሰው የሞተበትን ግጭት ይመዘግባል፣ 1,000 ሲደርስ ጦርነት ይለዋል። በእኛ ቤት ግን ሟቹ ቁጥር አይደለም፤ ልጅ ነው፣ ስም አለው።

ለዚህ ነው ይህንን ትምህርት እንደ ቅንጦት የማላየው። አንዳንድ ወንድሞች «ይህ የፈረንጅ ወርክሾፕ ነው፣ አበል ተከፍሎ ይበተናል» ይላሉ። እውነትም እንደዚያ የሆነ ብዙ አለ፤ ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን «የሰላም ግንባታ» ተብሎ የተሰጠው ወረቀት ለስኳር መጠቅለያ ሲውል አይቻለሁ። ዳሩ ግን ወርክሾፑ ሌላ ነው፣ ጥናቱ ሌላ ነው። ጥናቱ ከእኛው መንደር ተነስቶ ሊጻፍ ይችላል። ተጽፏልም።

ይኸውላችሁ። በ2010 በደቡብ አፍሪካ በሚታተም የአፍሪካ የግጭት አፈታት መጽሔት ላይ ሜሮን ዘለቀ የተባለች ኢትዮጵያዊት ምሁር በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ስለሚገኘው «የሸኮች ችሎት» ጽሑፍ አወጣች። ከዚያም በ2015 ይህንኑ አካባቢ የሚመለከት ሙሉ መጽሐፍ አሳተመች። የሸኮች ችሎት ማለት ሸሆች ተቀምጠው የተጣሉትን የሚሰሙበት፣ የሚያስታርቁበት ሥርዓት ነው። የተለያየ ብሔርና ሃይማኖት ያለው ሰው ጉዳዩን ይዞ ይመጣል። (ችሎቱ ከዚያራ ቦታ ጋር መያያዙን በተመለከተ ዑለማእ የሚሉት አለ፤ እሱ የዛሬ ርእሳችን አይደለም።) እኔን ያስገረመኝ ነገር ሌላ ነው። የእኛ ሸሆች ለትውልዶች የሰሩትን ሥራ በወረቀት ያሰፈረችው ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ተመራማሪ ነች። አላህ ይስጣት እላለሁ። ግን ከእኛ ከመድረሳ ልጆች ማን ብዕር አነሳ?

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአምባሰል ቆላ ሁለት ቤተሰቦች በወሰን ተጣልተው ደም ሊፋሰሱ ደርሰው ነበር። አንድ የታወቁ ሸህ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ሆነው አስታረቋቸው። ወሰኑ ከአንድ ዛፍ እስከ አንድ ድንጋይ ተባለ፣ ዱዓ ተደረገ፣ አብረው በሉ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሸሁ ወደ አኼራ ሄዱ፣ ዛፉም ተቆረጠ። የልጅ ልጆቹ ተነሱ። ድንጋዩ የትኛው ነበር? ካሳውስ ተከፍሎ አልቋል ወይስ ቀሪ አለ? የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ሁለተኛው እርቅ ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደ። የመጀመሪያው ጊዜ አንዲት ቅጠል ወረቀት ተጽፋ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ባለቀ ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ፣ በቁርአን ውስጥ በርዝመቱ አቻ በሌለው አንቀጽ፣ ያዘዘን ምንድነው? እስከ ተወሰነ ጊዜ ለሚቆይ ብድር ጽሑፍ እንዲደረግ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክር እንዲቆም ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ አትሰልቹ ብሎናል። ለመቶ ብር ብድር ወረቀት ከተፈለገ ለሰው ደም እርቅ እንዴት አይፈለግም?

ስለ መጻሕፍት ልናገር። ጎረቤታችን የሀይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የነበሩትን መጻሕፍት በዝርዝር አስመዝግቧል። ያንን የሚያህል የቆየ የመጻሕፍት ዝርዝር በአገራችን ብዙ የለም፤ ዝርዝሩ በመኖሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ ምን ይነበብ እንደነበር ያውቃሉ። እኛም በጀማ ንጉስ፣ በዳና፣ በሾንኬና በሌሎችም የወሎ የዒልም ቦታዎች ብዙ የእጅ ጽሑፎች አሉን። በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በኩል ከ2013 ጀምሮ የአፍሪካ ቀንድ እስላማዊ ጽሑፎች ለበርካታ ዓመታት ሲመዘገቡ ነበር። ነገር ግን በየሰንዱቁ ያለው፣ ምስጥ የሚበላው፣ በጦርነት ጊዜ ከቤት ጋር የሚቃጠለው ስንት ነው? ከነዚያ መካከል የእርቅ ደብዳቤ፣ የወቅፍ ወረቀት፣ ሸሆች ለባላባት የጻፉት የምልጃ ደብዳቤ ይገኛል። እነዚህ ለሰላም ጥናት ከወርቅ ይበልጣሉ። ቤታችሁ ሰንዱቅ ካለ ክፈቱት፤ ማንበብ ባትችሉም ለሚያነብ አሳዩ። ለነጋዴ ግን አትሽጡ።

ተማሪው ልጃችሁ የት ይሂድ? አዲስ አበባ ላለ፣ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1963 ጀምሮ ስለ አገራችን የተጻፈውን ሲሰበስብ የኖረ ቤተ መጻሕፍት አለው። የሰላምና የደኅንነት ጥናት ኢንስቲትዩት ተማሪዎች የጻፏቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች ጨምሮ ብዙው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባል። ከላይ የጠራሁት የደቡብ አፍሪካ መጽሔትም እንዲሁ ነጻ ነው። አሉላ ፓንክረስትና ጌታቸው አሰፋ በ2008 ያዘጋጁት ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶች የሚናገረው መጽሐፍ ከየክልሉ የተሰበሰበ ነው፤ ጀማሪ ከእሱ ይነሳ። በኢስላም በኩል ሙሐመድ አቡ-ኒምር በ2003 ስለ ሰላም ግንባታ በኢስላም የጻፈው አለ። ከሁሉም ነገር ጋር አልስማማም፣ ግን መነበብ አለበት። የብዙዎቹ ችግር በእንግሊዝኛ መሆናቸው ነው። እዚህ ላይ የተማሩ ልጆቻችን እዳ አለባቸው፤ ያነበቡትን ለመስጊዱ ጀመዓ በአማርኛ ይንገሩ።

ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የሚደናገር ልጅም አለ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ዲዊ በሚባለው የቁጥር ሥርዓት ይደረደራሉ። የግጭትና የእርቅ መጻሕፍት 303.6 ላይ፣ በአገሮች መካከል ስላለ ሰላም የሚናገሩት 327.17 ላይ፣ ኢስላም 297 ላይ፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው። ለዚህ ትምህርት አራቱም መደርደሪያ ያስፈልጋል። ተማሪው 303.6 ላይ ብቻ ቆሞ ከቀረ ስለ ኖርዌይ ያውቃል፣ ስለ አምባሰል አያውቅም። 297 ላይ ብቻ የቆመውም ባቡ ሱልሕን በቃሉ ይዞ የጎረቤቱን ቅሬታ አይሰማም።

«ሥራስ ያገኛል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እናታችንም ጠይቀውኛል። በአዲስ አበባ የአፍሪካ ሕብረት አለ፣ የኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማእከል ከ2002 ጀምሮ አለ። በ2018 የሰላም ሚኒስቴር ተቋቋመ፣ በ2021 የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን አዋጅ ወጣ፣ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤም ከ2010 ጀምሮ ይሰራል። ዩኒቨርሲቲዎችም መምህር ይፈልጋሉ። የተመረቀ ሁሉ በማግሥቱ ደሞዝ ያገኛል ብዬ ግን አላታልላችሁም። ልጁ ሕግ ወይም ታሪክ ወይም መምህርነት ከስሩ ካለው ይህን ደርቦ ቢማር የተሻለ ይመስለኛል። ለእናታችን የመለስኩላቸውም ይህንኑ ነው። ልጁ ታሪክ የተማረ ነውና ይቀጥል ብያለሁ።

ለየመስጊዱ ኮሚቴ ደግሞ አንድ የምጠይቀው አለ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ግዙ። እርቅ በተደረገ ቁጥር ቀኑ በኢትዮጵያና በሒጅራ አቆጣጠር፣ የጠቡ ዓይነት፣ የሽማግሌዎቹ ስም፣ የተስማሙበት ነገር፣ ካሳው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚያልቅ፣ ወሰን ከሆነ በማይነቀል ምልክት ይጻፍ። ለሁለቱም ወገን ይነበብ፣ ሁለቱም ይፈርሙ ወይም ጣታቸውን ያኑሩ። አንደኛው ወገን ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ ተናጋሪ ከሆነ በሁለቱም ቋንቋ ተጽፎ ሁለቱን በሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ይመሳከር። ውጫሌን አትርሱ።

ነውርን ግን አትጻፉ። የሰው ገመና መሸፈን ግዴታችን ነው። የባልና ሚስት እርቅ ከሆነ «ተጣልተው ታረቁ» ከማለትና ግዴታዎቹን ከመዘርዘር በላይ ምክንያቱ መዝገብ ላይ አይስፈር። የዩኒቨርሲቲ ሰዎችም ይህን ደንብ አጥብቀው ይከተላሉ፤ ያነጋገሩትን ሰው ስም ይለውጣሉ፣ ሳያስፈቅዱ አይቀዱም። ተመራማሪ መጥቶ መዝገቡን ልይ ቢል ኮሚቴውና ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ ስም ላይጠቅስ ተስማምቶ ይይ። መዝገቡ በመሳቢያ ውስጥ ይቆለፍ፣ ቁልፉም ሁለት ይሁን፤ አንዱ በመስጊዱ ኮሚቴ፣ አንዱ በመንደሩ ሽማግሌዎች እጅ ይቀመጥ። በመንደሩ ክርስቲያኖች ካሉ ከሽማግሌዎቹ መካከል እነሱም ይኑሩበት፤ የሚታረቁት ከእነሱም ጋር ነውና።